የሳቀም ድምፅ ሰጥቷል

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ እንግሊዝኛ ያስተምረን የነበረው መምህር ከጉሮሮ ለሚወጣው ድምፅ አንድ ቃል፣ በምርጫ ሳጥን ውስጥ ለሚገባው ድምፅ ደግሞ ሌላ ቃል አስጠናን። እኔ የአፍ መፍቻዬ ትግርኛ ነው፤ አማርኛንም የተማርሁት ከመጽሐፍና ከመሥሪያ ቤት ነው። በሁለቱ ቋንቋዎቻችን ለሁለቱ ነገር አንድ ቃል ብቻ መኖሩን ባየሁ ጊዜ ቋንቋችን ድኻ መስሎኝ ነበር። አማርኛው «ድምፅ» ይላል፤ ትግርኛውም «ድምጺ» ይላል፤ የሚጮኸውም እርሱ ነው፤ የሚመርጠውም እርሱ ነው። ዛሬ ግን ዕድሜዬ ሠላሳውን ካለፈና ጥቂት ነገር ካየሁ በኋላ፣ ቋንቋችን እውነተኛ መሆኑ ገብቶኛል። ሰው በምርጫ ቀን የሚሰጠው ድምፅና ዓመቱን ሙሉ በቡና ላይ፣ በሰርግና በለቅሶ ቤት ከአፉ የሚያወጣው ድምፅ ሥራቸው አንድ ነው። ይህን ያስተማረኝ በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ፣ ማኪንድዬ በሚባለው ኰረብታ ላይ የተቀመጥሁበት ጊዜ ስለ ሆነ፣ ዛሬ በዚህ ዐምድ ስለ እርሱ ላጫውታችሁ እወዳለሁ።

ካምፓላ እንደ አዲስ አበባ በኰረብቶች ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ከኰረብቶቿ አንዱ ማኪንድዬ ነው፤ ከአምስቱ የከተማዪቱ ክፍሎች የአንዱ መጠሪያም ሆኗል። ከኰረብታው ላይ ሆኖ ለሚመለከት በአንድ በኩል የቪክቶሪያ ሐይቅ ውሃ ያበራል። በሌላው በኩል የናሚሬምቤ፣ የሩባጋና የኪቡሊ ኰረብቶች ይታያሉ፤ በመጀመሪያው ላይ የፕሮቴስታንቶች፣ በሁለተኛው ላይ የካቶሊኮች፣ በሦስተኛው ላይ የሙስሊሞች ታላላቅ የጸሎት ቤቶች ቆመዋል። በዚሁ ክፍል ባሉት በካባላጋላና በካንሳንጋ ሰፈሮች የኢትዮጵያና የኤርትራ ተወላጆች በብዛት ስለሚኖሩ፣ እንጀራና የጀበና ቡና አይታጣም።

እኔም በ2020 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የኡጋንዳ ዘመን ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ነው) ለሥራ ወደዚያ በሄድሁ ጊዜ፣ በአንዲት ባል የሞተባቸው አሮጊት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ጃጃ» ይላቸዋል፤ በሉጋንዳ ቋንቋ አያት ማለት ነው። ጃጃ ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው። ታላቁ ነጋዴ ሲሆን ገዢውን ፓርቲ ይደግፋል፤ ታናሹ ቦዳ ቦዳ በሚባለው ሞተር ብስክሌት ሰው እያመላለሰ የሚኖር ሲሆን ተቃዋሚውን ይደግፋል። የገዢው ፓርቲ ቀለም ቢጫ፣ የተቃዋሚው ቀለም ቀይ ነበረ። ሁለቱም እሑድ እሑድ ከእናታቸው ቤት ምሳ ይበሉ ነበር። ለጃንዋሪ 14 ቀን 2021 የተቈረጠው ምርጫ በቀረበ መጠን ግን፣ አስቀድሞ ቀልድ የነበረው ነገር ስድብ ሆነ፤ ስድቡም ዝምታ ሆነ።

በኖቬምበር 18 ቀን 2020 ቦቢ ዋይን በሚባል ስም የታወቀው ተቃዋሚው ዕጩ ሮበርት ቻጉላኒ ተያዘ። ሁለት ቀን ሁከትና ተኵስ ሆነ፤ መንግሥት ራሱ ያመነው የሙታን ቍጥር 54 ነው። በሚቀጥለው እሑድ ሁለቱ ወንድማማቾች በገበታው ላይ ተገናኙ። ታላቁ፣ «ማን ውጡ አላቸው? የሥራቸውን አገኙ» አለ። ታናሹም፣ «አንድ ቀን ይህን ቢጫ ሸሚዝህን ከነ ገላህ ያቃጥሉልናል» ሲል መለሰለት። ጃጃ አንድ ቃል ሳይናገሩ፣ በእንሰት ኮባ በሚመስል የሙዝ ቅጠል ተሸፍኖ የቀረበውን ማቶኬ አንሥተው ወደ ማድ ቤት መለሱት። ተመልሰውም ተቀመጡና የሚከተለውን ተረኩ። እንግሊዝኛ ስለ ቀላቀሉበት እኔም ተረዳሁት።

«አባቴ ካቶሊክ ነበረ። በ1961 ዓ.ም. እኔ ገና ሕፃን ሳለሁ፣ በመንደራችን ማንም ለምርጫ እንዳይመዘገብ ተብሎ ነበር፤ አባቴ ግን ተመዘገበ። አንድ ሌሊት የሙዝ ተክላችንን ሁሉ ጨፍጭፈው ጣሉት። ማለዳ ሊያጽናናን የመጀመሪያው ሆኖ የመጣው ጎረቤታችን ነበረ። የሙዝ ግንድ ሲቈረጥ የሚወጣው ውሃ በልብስ ላይ ከደረቀ ጥቁር እድፍ ይሆናል፤ በሳሙናም አይለቅም። አባቴ በጎረቤታችን እጅጌ ላይ ያን እድፍ አየ። አየና ዝም ብሎ ሻይ አቀረበለት። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ የካባካው ቤተ መንግሥት በተደበደበ ጊዜ፣ ወታደሮች መጥተው ያንኑ ጎረቤታችንን ከደጃችን ላይ ሲደበድቡት አባቴ ተነሥቶ መስኮቱን ዘጋ። ጩኸቱን እንዳንሰማ አልነበረም የዘጋው፤ አብረን ሰምተነዋል። እንዳንወጣ ነበር የዘጋው። ሁለቱም ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ሁለቱም ክርስትና አንሥተውልን ነበር፤ ጎረቤታችን የወንድሜን፣ አባቴ የልጁን።»

አንባቢ ሆይ፤ የጃጃ ታሪክ የአንድ መንደር ታሪክ ብቻ እንዳልሆነ እንድትረዳው፣ የዚያን ዘመን ነገር ባጭሩ ላስታውስህ።

በቡጋንዳ መንግሥት ውስጥ የካቶሊክና የፕሮቴስታንት ወገኖች በ1892 ዓ.ም. በጦርነት ተዋግተው ነበር። ድሉ የፕሮቴስታንቶች ስለ ሆነ ትልልቁ ሹመት ለእነርሱ ሆነ፤ ቂሙም ከአባት ወደ ልጅ ተላለፈ። የፖለቲካ ፓርቲዎች ከ1950ዎቹ ጀምሮ በተቋቋሙ ጊዜ ይኸው አሮጌ ቂም አዲስ ልብስ ለበሰ። ዴሞክራቲክ ፓርቲን የካቶሊኮች ነው ብለው ተቃዋሚዎቹ «የጳጳሱ ሃይማኖት» የሚል ስም አወጡለት፤ የኡጋንዳ ሕዝብ ኮንግረስንም የወዲያኛዎቹ «የካናዳ የተባበሩ ፕሮቴስታንቶች» እያሉ ቀለዱበት። ቀልድ ነበርና ተሳቀ። እንዲህ ያለ ስም ግን አንድ ሰው ቢያወጣው የሚያኖረው ሺሁ ነው፤ በገበያና በቤተ ሰብ መካከል እየተደጋገመ ይኖራል።

የመጀመሪያው አገር አቀፍ ምርጫ በማርች 1961 ዓ.ም. በሆነ ጊዜ የቡጋንዳ መንግሥት፣ የካባካው ክብርና የአገሩ መብት አስቀድሞ ካልተረጋገጠ በቀር ሕዝቡ እንዳይመዘገብ አዘዘ። ትእዛዙ የሹማምንት ነበር፤ የተመዘገቡትን ሰዎች ተክል የቈረጠውና ቤታቸውን ያቃጠለው ግን በአብዛኛው ጎረቤት ነበር። ከማስፈራራቱ የተነሣ በቡጋንዳ የመረጠው ሰው እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፣ ዴሞክራቲክ ፓርቲ ከ21 የቡጋንዳ ወንበሮች 20ውን ወሰደ። በጠቅላላው አገር ብዙ ድምፅ ያገኘው የሚልቶን ኦቦቴ የኡጋንዳ ሕዝብ ኮንግረስ ቢሆንም፣ በወንበር ብዛት ዴሞክራቲክ ፓርቲ ስለ በለጠ፣ መሪው ቤነዲክቶ ኪዋኑካ መንግሥቱን መሠረተ፤ በማርች 1 ቀን 1962 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኡጋንዳ ጠቅላይ ሚኒስትር ተባለ።

ኪዋኑካ የሕግ ሰው፣ እርሱም ራሱ የቡጋንዳ ተወላጅ ነበረ። ይሁን እንጂ በገዛ አገሩ «ከካባካው በላይ ሊቀመጥ የሚፈልግ ተራ ሰው» ተብሎ ተጠላ። «ካባካ የካ»፣ ማለትም «ካባካ ብቻ» የሚባለው እንቅስቃሴ በ1962 መጀመሪያ በቡጋንዳ ምክር ቤት ምርጫ ከ68 ወንበሮች 65ቱን አሸነፈ፤ ከኦቦቴም ፓርቲ ጋር ተባብሮ ኪዋኑካን ከሥልጣን አወረደው። ኪዋኑካም ተሸንፎ ቦታውን በሰላም ለቀቀ። ሕዝቡ ጨፈረ፤ ነጻነቱም በኦክቶበር 9 ቀን 1962 ዓ.ም. በኦቦቴ መሪነት መጣ።

እንግዲህ የጭፈራውን ዋጋ ተመልከቱ። ያ ወዳጅ የተባለው ኦቦቴ በሜይ 24 ቀን 1966 ዓ.ም. ወታደር ልኮ የካባካውን ቤተ መንግሥት መታ፤ የጦሩ መሪ ኢዲ አሚን ነበረ። ካባካ ሙቴሳ ከአገር ወጥቶ በ1969 ለንደን ላይ ሞተ። ቀጥሎ በጃንዋሪ 25 ቀን 1971 ዓ.ም. አሚን ኦቦቴን በመፈንቅለ መንግሥት ባወረደው ጊዜ፣ የካምፓላ ሕዝብ ወደ መንገድ ወጥቶ በደስታ ዘመረ። የተዘመረለት ሰው ቤተ መንግሥቱን የመታው ያው ሰው መሆኑን ያላወቀ አልነበረም። የሚጠላው ኦቦቴ ወርዷልና ሌላው ሁሉ ተረሳ።

አሚንም ኪዋኑካን የአገሩ ዋና ዳኛ አድርጎ ሾመው፤ በእኛ አገር ጥንት አፈ ንጉሥ ይባል የነበረው ማዕርግ መሆኑ ነው። ዳኛው ግን ወታደሮች ሰውን ያለ ሕግ ሊያስሩ አይገባም ብሎ ፈረደ። በሴፕቴምበር 21 ቀን 1972 ዓ.ም. ከፍርድ ቤቱ ውስጥ በጠመንጃ አስገድደው ወሰዱት፤ በማኪንድዬ በነበረው የወታደር እስር ቤት ተገደለ፤ ሬሳውም ለቤተ ሰቡ አልተሰጠም። ያ እስር ቤት የነበረበት ኰረብታ እኔ የምኖርበት ኰረብታ ነበረ። በዚያ ግቢ ከኪዋኑካ ጋር የታሰሩትና የተገደሉት ከአንድ ወገን ብቻ የተወለዱ አልነበሩም፤ ካቶሊኩም፣ ፕሮቴስታንቱም፣ በ1962 የጨፈረውም፣ በ1971 የዘመረውም ነበረበት።

አንዳንድ አንባቢ እዚህ ላይ በቅሬታ እንዲህ ይለኝ ይሆናል፤ «ተራው ሰው ምን አደረገ? ያዘዘው ሹም ነው፤ የተኰሰው ወታደር ነው፤ አንተ የመንግሥት ሠራተኛ ስለ ሆንህ ጥፋቱን ከሹማምንት አንሥተህ በድኻው ላይ መጫን ትወዳለህ።»

ነገሩ የሚገባ ጥያቄ ነው። የደም ዕዳ ባዘዘውና በተኰሰው ላይ ይቀመጣል፤ ማንም ሊያነሣለት አይችልም። በዘመናችንም ቢሆን ሥልጣን ያለው ሰው የሚያደርገውን መራጩ ሁልጊዜ ሊያግደው አይቻለውም። በኖቬምበር 2024 ዓ.ም. ተቃዋሚው ዶክተር ኪዛ ቤሲጄ ከናይሮቢ ተይዞ በዚያው በማኪንድዬ በጦር ፍርድ ቤት ፊት ቀረበ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጃንዋሪ 2025 ወታደር ያልሆነን ሰው በጦር ፍርድ ቤት መዳኘት ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይስማማም ብሎ ቢፈርድም፣ ፓርላማው በዚያው ዓመት እንደገና የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ይህን ያደረገው ቦዳ ቦዳ የሚነዳው ሰው አይደለም።

በአገራችንም በ1997 ዓ.ም. የሆነውን እናስታውሳለን። ሚያዝያ 29 ቀን የገዢው ፓርቲ ደጋፊዎች መስቀል አደባባይን ሞሉት፤ በማግሥቱ ሚያዝያ 30 ቀን የቅንጅትና የሌሎች ተቃዋሚዎች ደጋፊዎች ያንኑ አደባባይ ሞሉት፤ ሁለቱም በሰላም ወደ ቤታቸው ገቡ። ሕዝቡ ይህን ያህል ጨዋ ነበረ። ከምርጫው በኋላ በሰኔና በጥቅምት መጨረሻ በሆነው ሁከት ግን፣ አጣሪ ኮሚሽኑ እንደ ቈጠረው 193 ሲቪል ሰዎችና 6 ፖሊሶች ሞቱ።

ስለዚህ የሹሙ ጥፋት የሹሙ ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ ይኸውም ሹሙ ወይም ተቃዋሚው መራራ ቃል የሚናገረው ገበያ ስላለው ነው። ተናጋሪ ሰው በአደባባይ ቆሞ ስለ መንገድና ስለ ትምህርት ቤት ሲናገር ሕዝቡ ያዛጋል፤ የወዲያኛውን ወገን ሲሰድብ ግን ያጨበጭባል። ተናጋሪውም ሰው ነውና የተጨበጨበለትን ይደግማል፤ በሚቀጥለው ቀን ደግሞ ጨምሮበት ይመጣል። በሸቀጡ መራራነት የምናማርር እኛ ገዢዎቹ ነን። ሌላም አለ። የማይወዱት ሰው ሲበደል ዝም ያለ፣ ወይም ደስ ያለው ሰው፣ የመበደሉን ሥልጣን አጽድቋል። ያ ሥልጣን ደግሞ ከጸደቀ በኋላ ወገን አይለይም፤ የካምፓላ ሕዝብ ከ1962 እስከ 1972 በዐሥር ዓመት ውስጥ የተማረው ይህንን ነው።

ይህን ስጽፍ ከሌሎች የተሻልሁ መስዬ እንዳልታይ የራሴን ጥፋት መናገር ይገባኛል።

ያ ኖቬምበር ለእኛም ክፉ ወር ነበረ። በኢትዮጵያ ሊደረግ የታሰበው ምርጫ በወረርሽኙ ምክንያት ቢራዘምም፣ በትግራይ ክልል ጳጉሜን 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ምርጫ ተደርጎ ነበር። የፌዴራሉና የክልሉ መንግሥታት አንዱ ሌላውን «ሕጋዊ አይደለህም» ተባባሉ፤ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊትም ጦርነት ተጀመረ። በካንሳንጋ አብረን ቡና የምንጠጣ የአንድ አገር ሰዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ጠረጴዛ ሆንን። እኔ ከየትኛው ጠረጴዛ እንደ ነበርሁ አልናገርም፤ ብናገረው አንባቢው እንደ ወገኑ ይፈርድልኛል ወይም ይፈርድብኛልና።

የጃጃን ታሪክ በሰማሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከእኛ ጠረጴዛ አንድ ሰው ስለ ወዲያኛው ወገን ቀልድ ተናገረ። ሁላችንም ሳቅን፤ እኔም ሳቅሁ። ሳቃችን ደስ ቢያሰኘው ሁለተኛ ጨመረ፤ ይኸኛው በሙታን ላይ ነበረ። በሌላው ጠረጴዛ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አንድ ትልቅ ሰው ተቀምጠው ነበር። ካምፓላ በገባሁ ቀን ተቀብለው ያሳደሩኝ፣ የጃጃንም ቤት ፈልገው ያገኙልኝ እርሳቸው ናቸው። ስኒያቸውን አስቀመጡ፤ ሂሳባቸውን ከፍለው ወጡ።

በማግሥቱ ከቤታቸው ሄድሁና፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኔ ግን እኮ ምንም አልተናገርሁም» አልኋቸው።

«አውቃለሁ ልጄ፣ አልተናገርህም» አሉኝ። «ሳቅህን ግን ከሌላው ሁሉ ለይቼ ሰማሁት። አንተ ባትስቅ ኖሮ ያ ሰው ሁለተኛውን ባልጨመረ ነበር።»

ቡና አስፈልተው አጠጡኝ፤ ስለ ቤተ ሰቤም ጠየቁኝ። ከእርሳቸው ጋር የሚኖሩትን የእኅታቸውን ልጅ ወሬ ከሞተ ሰው ሁሉ መካከል እየፈለጉ እንደ ነበር የሰማሁት በኋላ ነው። ካምፓላን እስክለቅ ድረስ ግን ወደዚያ ቡና ቤት ዳግመኛ አልመጡም። እነሆ፣ የሙዙ እድፍ በእኔም እጅጌ ላይ ነበረ።

ስለዚህ በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ለአባቶችና ለእናቶች፣ ለራሴም ጭምር፣ ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

አንደኛ፤ ልጆች በሚሰሙበት ገበታ ላይ ሌላውን ወገን በቅጽል ስም አንጥራ። የፓርቲውን አሳብ መንቀፍ ይቻላል፤ ይገባልም። ሰዎቹን ግን እነርሱ ራሳቸው በሚጠሩበት ስም እንጥራቸው። ልጅ የአባቱን ምክንያት ይረሳል፤ የአባቱን ስድብ ግን አይረሳም።

ሁለተኛ፤ የራሳችን ወገን ሰው ሲሳደብ የመጀመሪያዎቹ ተቈጪዎች እኛ እንሁን። የወዲያኛው ወገን ቢቈጣው ጠላት ነው ይባላል፤ ወዳጁ ቢቈጣው ግን ያፍራል። መቈጣት ባንችል እንኳ አለመሳቅ እንችላለን። ይህ ወረቀትም፣ ጊዜም፣ ድፍረትም አይጠይቅም።

ሦስተኛ፤ የሌላው ወገን ሰው ያለ ሕግ ሲያዝ ወይም ሲሞት ለቅሶ እንድረስ። ለቅሶ መድረስ በአገራችን ትልቅ ሥርዐት ነው፤ የሟቹን ፓርቲ የሚጠይቅ ሥርዐት ግን አይደለም። ዛሬ በጠላነው ሰው ላይ ሕግ ሲጣስ «ይበለው» ያልን እንደ ሆነ፣ ነገ ሕጉ እኛን ፍለጋ አይመጣም።

የጃጃ ልጆች ነገር እንዴት ሆነ ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። በሚቀጥለው እሑድ ሁለቱም ነጭ ሸሚዝ ለብሰው መጡ። ማን እንደ መከራቸው አላውቅም፤ ስለዚያም ማንም አልተናገረም። በምርጫው ቀን እያንዳንዱ የወደደውን መረጠ፤ አሳባቸውንም አልለወጡም፤ እናታቸውም ለውጡ አላሏቸውም። በገበታው ላይ ስለ መንገዱ መበላሸትና ስለ ዕቃ መወደድ ተከራከሩ፤ ክርክሩም የጋለ ነበረ። ጃጃ ግን ማቶኬውን ዳግመኛ አላነሡትም።